እግር የሚገባበት ጉድጓድ

አሁንም አንዳንድ ቀን፣ ተኝቼም ነቅቼም ባልሆንኩበት ሰዓት፣ አባቴ በነጭ ጠጠር ላይ በባዶ እግራቸው ሲራመዱ ይሰማኛል። ቀሽ፣ ቀሽ፣ ቀሽ። ከፊታቸው ጫፉ የማይታይ ጥድ ቆሟል፤ በጥዱ መሀል ጭጋግ ይሄዳል፤ ከጭጋጉ ውስጥ የሸማኔ ዕቃ ድምፅ ይመጣል። ጫማቸውን በግራ እጃቸው አንጠልጥለዋል። እኔ ከኋላ ሆኜ «አባባ፣ ኧረ ጫማዎን ያድርጉ፣ ሰው እያየን ነው!» እላለሁ። እሳቸው አይሰሙኝም።

ይሄ ሕልም አይደለም፣ የሆነ ነገር ነው። ስለራቀ ነው መሰለኝ እንደ ሕልም ሆኖ የቀረብኝ። ደግሞስ ማን ያምነኛል? ከላሊበላ ተነስታ ጃፓን አገር ደርሳ የመጣች የሸማኔ ልጅ! ጎረቤቶቼ እንኳ እስከ ዛሬ «ያኔ አዲስ አበባ የሄዳችሁ ጊዜ» ነው የሚሉት። ማረሙን ከተውኩት ቆየሁ።

አባቴ ሸማኔ ነበሩ። ቤታችን ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው ዳገት ግርጌ ነው። በረንዳው ላይ አንዲት ጉድጓድ ነበረች፣ ከጉልበት እስከ ተረከዝ የምትጠልቅ። አባቴ ከጉድጓዷ አፍ ላይ ይቀመጡና እግራቸውን ወደ ታች ይሰዳሉ። ታች ሁለቱን መርገጫ በየተራ ይረግጣሉ፤ ላይ መወርወሪያው በተዘረጋው ድር መሀል ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይሮጣል። ክሩን የምትፈትለው እናቴ ነበረች። እሷ ከሞተች በኋላ እኔ እፈትል ነበር፣ ግን የእኔ ክር እንደ ጠባዬ ነው፤ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይቀጥናል። የእናቴን የመጨረሻ ልቃቂት፣ ብርቱካን የምታህል የተጠቀለለች ክር፣ አባቴ ለሥራ አላዋሏትም። ሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋት ነበር።

የአገሩ ሰው ከዚያች ጉድጓድ ነው የለበሰው ብል ዋሸሽ የሚለኝ የለም። ቄሱ የሚያጣፉት ኩታ፣ ሙሽራዋ የምትለብሰው ቀሚስ፣ ሟቹ የሚገነዝበት ነጠላ። ታዲያ ሸማውን እየለበሱ ሸማኔውን ይንቁታል! ዞር ሲሉ «ቁጢት በጣሽ» ብለው ይሰድቧቸዋል። ዓይናቸው ሰው ይበላል ይባላል። ሕፃን ያዘለች ሴት በደጃችን ስታልፍ የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፈን ታደርጋለች። ነጠላውን የሠሩልሽ እኮ እሳቸው ናቸው፣ አንቺ ሴትዮ! ይሄ ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል።

ደርግ ሲመጣ ስድቡ ተከለከለ። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪው ሁሉ በማኅበር ይደራጅ ተባለ፤ አባቴም ሳይጠየቁ ሊቀመንበር ሆኑ። ካድሬው በየስብሰባው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!» እያለ ይጮሃል። አባቴ ቤት ሲመጡ «ይሄ ሰው ግን ድር በዓይኑ አይቶ ያውቃል?» ይሉኛል። እንስቃለን። ስድቡ ከአፍ ወደ ሆድ ገባ እንጂ የትም አልሄደም ነበር።

ሆድ የገባው ስድብ የወጣው በእኔ ነው። ያኔ በመንግሥት ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆኜ እሠራ ነበር። እንግሊዝኛ ከትምህርት ቤት ለቃቅሜያለሁ፣ ደመወዝ አለኝ፣ ተረከዝ ያለው ጫማ አለኝ። ግብርና ቢሮ የሚሠራ፣ ሙጃ ከምትባል ከተማ የመጣ አንድ ልጅ ወደደኝ። እኔም ወደድኩት። አሁን ማፈሩ ምን ይጠቅመኛል፣ ስወደው ልቤ ጥፍት ይል ነበር! ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሽማግሎች መጥተው መደብ ላይ ተቀመጡ፤ ሁለቱ የለበሱት ጋቢ የአባቴ እጅ ሥራ ነው። ጥለቱን አይቼ አውቄዋለሁ።

«እኛ እንግዲህ፣» አሉ ታላቅየው፣ «አዲሱን ጊዜ የምንቃወም አይደለንም። ሥራ ሁሉ ክቡር ነው። ብቻ ሰርገኛው ከሙጃ መጥቶ በዚህ በረንዳ ሲገባ ያቺን ጉድጓድ ካየ፣ ዘመድ ይናገራል። እርስዎም ደክመዋል። ልጅዎም ደመወዝተኛ ናት። ይድፈኗትና ይረፉ፤ በጥር እንደግሳለን።»

አባቴ እኔን አዩኝ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ! አልተናገርኩም። ይባስ ብዬ ሽማግሎቹ ከወጡ በኋላ፣ የአባቴን ዓይን ሳላይ፣ «አባባ፣ ቢያርፉስ ምን አለበት?» አልኳቸው። አፈር ይብላኝ።

«እሺ፤ አንቺ ካልሽ ትደፈናለች። የያዝኩትን ሸማ ልጨርስ፤» አሉ። የያዙት ሸማ የእኔው የሰርግ ቀሚስ ነበር።

በዚያው ሰሞን ነው ከጃፓን ደብዳቤ የመጣው። ባለፈው በጋ አንዲት ጃፓናዊት ሆቴላችን አርፋ ነበር። አብያተ ክርስቲያናቱን በአንድ ቀን ጨርሳ፣ የቀረውን ሦስት ቀን የአባቴ ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጣ አሳለፈችው። እሷም ከሸማኔ ቤት የተወለደች ናት። ከአባቴ ጋር አንድም ቋንቋ የላቸውም፤ ክር እያሳያት፣ ክር እያሳየችው... ይቅርታ፣ አንቱ ማለት ይከብደኛል ይሄን ሳስታውስ፤ እያሳዩዋት፣ እያሳየቻቸው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ተጨዋወቱ። ደብዳቤው ያቺው ሴትዮ ያስላከችው ነው። በከተማዋ የእጅ ሥራ ትርኢት አለ፣ ሸማኔው ከነዕቃቸውና ከአስተርጓሚ ጋር ይምጡልን ይላል። ካድሬው ራሱ መሄድ ክፉኛ አምሮት ነበር፤ ምን ይሆናል፣ መሸመን አይችልም። ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ከረመና በመስከረም ተፈቀደ። አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ።

አባቴ የሸማ ዕቃቸውን በገመድ ጠፍረው፣ የእናቴን ልቃቂት በኪሳቸው ከተው፣ በጭነት መኪና ወልድያ ወረድን። «ስመለስ እደፍናታለሁ፤ አትስጊ፤» አሉኝ መኪናው ላይ። እኔ አመሰገንኳቸው። አስቡት፣ አመሰገንኳቸው!

ጃፓንን ጨርቅ ላይ እንደ ፈሰሰ ቀለም ነው የማስታውሳት፤ ጠርዝ የላትም። ብርጭቆ፣ ዝናብ፣ ጃንጥላ፣ ድምፅ የማያሰማ ሕዝብ። ትርኢቱ የሚታይበት አዳራሽ ወለል ፊት ያሳያል። አባቴ ዕቃቸውን ዘረጉ፣ ድሩን ወጠሩ፣ ሊቀመጡ ጎንበስ አሉ፤ ቆሙ። እንደገና ጎንበስ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «እግሬን የት ላድርገው?» አሉኝ።

ለካ ጉድጓድ የለም! ሁላችን ስለ ድር፣ ስለ ማግ፣ ስለ ፓስፖርት ስናስብ ከርመን አንዳችን ጉድጓዷን አላሰብናትም። ያንን የሚያብረቀርቅ ወለል ማን ይቆፍረዋል? ጃፓናዊቷ ሄዳ አንድ ሽማግሌ አናጢ አመጣች። አናጢው አባቴ ፊት ተንበረከከ፣ አጎነበሰ፣ እግራቸውን ለመንካት ፈቃድ ጠየቀ። ከኪሱ ሲባጎ አውጥቶ ከጉልበታቸው እስከ ተረከዛቸው ለካ። በማግስቱ ስንመጣ የእኛን መደብ የሚመስል ከፍ ያለ የእንጨት ወለል ተሠርቷል፣ መሀሉ ክፍት ነው። መሬቱን ዝቅ ማድረግ ስላልቻሉ ሰውየውን ከፍ አደረጉት። አባቴ ወጥተው ተቀመጡ፣ እግራቸውን ሰደዱ። «ልክ ነው፤» አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም፣ ገብቶኛላ። ባዕድ አገር ጉድጓድ ሠራላቸው፤ እኔ ልጃቸው አስደፍናለሁ።

የጽጌ ጾም ነበር። አባቴ የጽጌን ጾም ይጾማሉ። አንድ ቀን ነጭ፣ ለስላሳ፣ አይብ የመሰለ ነገር ቀረበልን። «በጾም አይብ! ምን ዓይነት ሰው ነሽ፣ አትነግሪያቸውም?» ብለው ተቆጡኝ። ከአኩሪ አተር ነው፣ የጾም ነው ብልም አላመኑም። ሳምንቱን በሩዝ ብቻ ሰነበቱ። በመጨረሻው ቀን ቀምሰው «ይሄማ ጨው የረሱት ሽሮ ነው፤» አሉና ሁለት ሳሕን በሉ።

ትርኢቱ ሲያልቅ ጃፓናዊቷ «ከመሄዳችሁ በፊት አባትሽ ማየት ያለባቸው አንድ ቦታ አለ፤» አለችኝ። በባቡር ወሰደችን። ከባቡሩ ወርደን በሩዝ ማሳ መሀል በእግር ሄድን፤ ማሳው ታጭዷል፣ ገለባው እንደ እኛ አገር ተከምሯል፣ ጭጋጉ መሬት ለመሬት ይሳባል። ከማሳው መሀል ጥቅጥቅ ያለ የጥድ ጫካ ብድግ ብሎ ይታያል። አባቴ ገና ከሩቅ ሲያዩት ቆባቸውን አወለቁ።

«ደብር ነው፤» አሉ።

«በምን አወቁ?»

«ማሳ መሀል እንዲህ ያለ ጥድ ሳይቆረጥ የሚኖረው ሌላ የት ነው?»

እውነታቸውን ነው። የእኛም አገር እንደዚያ ነው፤ ዙሪያው ተላጭቶ ዛፍ የቀረበት ቦታ ደብር ነው። ከጫካው መግቢያ ላይ ሁለት ምሰሶና በላያቸው የተጋደመ እንጨት ቆሟል፤ መዝጊያ የለውም፣ አጥር የለውም፣ በር ብቻ ነው። እዚያ ስንደርስ አባቴ ጫማቸውን አወለቁ። ምሰሶውን በግንባራቸው፣ በከንፈራቸው፣ እንደገና በግንባራቸው ነኩ። ከዚያ በዚያ ብርድ፣ በነጩ ጠጠር ላይ፣ በባዶ እግራቸው ገቡ። ቀሽ፣ ቀሽ፣ ቀሽ። ጃፓኖቹ ሁሉ ጫማ አድርገው ነው የሚሄዱት። ቆመው አዩን። እኔ መሬት ብትከፈት በገባሁ!

እልፍ ሲሉ ከድንጋይ የተጠረበ ገንዳ አለ፣ ንጹሕ ውሃ ይፈስበታል፣ የእንጨት ጭልፋ ተቀምጦበታል። ጃፓኖቹ እጃቸውን ይታጠቡበታል። አባቴ ግን ጠበል አለመሆኑን ማን ይነግራቸዋል፣ አንድ ጭልፋ ሙሉ ጠጡ፣ ሁለተኛውን ራሳቸው ላይ አፈሰሱ፣ ሦስተኛውን «በስመ አብ» ብለው እኔ ፊት ላይ ረጩት። ፀጉሬን ተተኩሼ ነበር። ጃፓናዊቷ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች፤ ከዚያ እሷም ፊቷን አቀረበችላቸው፣ እሷንም ረጯት።

ነጭ የለበሰ፣ ጥቁር ቆብ የደፋ ካህን ወጥቶ ተቀበለን። አባቴ መስቀል ሊሳለሙ ጎንበስ አሉ። ካህኑ መስቀል የለው፣ እሱም ጎንበስ አለ። አባቴ ቢጠብቁ መስቀል አይመጣ፣ የበለጠ ጎንበስ አሉ። ካህኑም የበለጠ። እንዲህ ሲፎካከሩ መሬት ሊደርሱ ነበር። በመጨረሻ ቀና ብለው በጆሮዬ «ታቦቱ የማን ነው? ጠይቂልኝ፤» አሉኝ።

እኔ በእንግሊዝኛ ጃፓናዊቷን ጠየቅኩ፣ እሷ ካህኑን ጠየቀች፣ መልሱ በዚያው መንገድ ዞሮ መጣ። ነገርኳቸው፦ «የሽመና ነው አባባ። ሽመናና ልብስ የሚከበርበት ነው ይላሉ። ሰውን መሸመን ላስተማረው ነው።»

ፊታቸው ተለወጠ። «አትቀልጂብኝ፤» አሉ።

«ኧረ በእናቴ አፅም! በየዓመቱ ሁለት ጊዜ እዚህ ሸማ ይሠራል፣ ለመባ። ዛሬም እየተሠራ ነው። ያውና ቤቱ፣ ይሰማል።»

አንዲት ትንሽ የእንጨት ቤት ጥዶቹ ሥር ቆማለች፣ ዙሪያዋን የገለባ ገመድ ተወጥሮባታል፣ መስኮቷ ተዘግቷል። ሰው ከውጭ ቆሞ ነው የሚሰማው፤ መግባት አይፈቀድም። አባቴ ወደዚያ ተራመዱ፤ ከገመዱ ወዲህ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ የማላውቀው ቤት አልገባም። ድምፁን መስማት ግን ማንም አይከለክለኝም፤» አሉ፣ ለራሳቸው ይሁን ለእኔ እንጃ።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከውስጥ ይሰማል፦ ጧ፤ ጸጥታ፤ ጧ፤ ጸጥታ። ጥዱ ያንጠባጥባል። ያ ድምፅ እኔ የተወለድኩበት፣ ያለቀስኩበት፣ እንቅልፍ የወሰደኝ ድምፅ ነው፤ እኔ ግን ከዓመታት ወዲህ መስማት ትቼ ነበር። እዚያ፣ የዓለም ጫፍ ላይ፣ ጭጋግ ውስጥ ቆሜ ሰማሁት። ሰውነቴ ቀለለኝ። የት እንዳለሁ ጠፋኝ። ዓይኔን ብገልጥ በረንዳችንን የማይ፣ እናቴ እንዝርት ይዛ «ነይ ጥጡን አፍታቺ» የምትለኝ መሰለኝ።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ድንገት አባቴ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ክር ተበጠሰበት፤» አሉ። ወዲያው ድምፁ ቆመ። ለጃፓናዊቷ ነገርኳት፣ ለካህኑ ነገረች፣ ካህኑ አባቴን በድንጋጤ አያቸው። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተና ነጭ የለበሰች፣ በእኔ ዕድሜ የምትሆን ልጅ እጇን እያሻሸች ወጣች።

«ሴት ናት እንዴ!» አሉ አባቴ። በእኛ አገር ሴት ትፈትላለች እንጂ አትሸምንም፤ እግሯን ጉድጓድ የሰደደች ሴት ታይታም አትታወቅ። ልጅቷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ተመልሰው ልጅቷን አዩ። ከዚያ ከኪሳቸው የእናቴን ልቃቂት አወጡ። ግማሹን ፈትተው በጥርሳቸው በጠሱና ለልጅቷ በሁለት እጃቸው ሰጧት። «ለታቦቱ አይደለም፣ ለሠራተኛዋ ነው፤ ይሄን አስረጂልኝ፤» አሉኝ። ኋላ ለንስሐ አባታቸውም እንደዚያው ብለው ነው የተናዘዙት። ልጅቷ ክሩን በጣቶቿ መሀል አሳለፈችው፣ አንገቷን ደፋች፣ ደረቷ ላይ ያዘችው።

ካህኑ የአባቴን እጆች እያየ አንድ ነገር ጠየቀ። ጃፓናዊቷ ለእኔ አስተላለፈችው፦ «ከእርስዎ በኋላ ይሄን ሥራ ማን ይይዘዋል? ብሎ ይጠይቃል።»

አባቴ «ምን አለ?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው? ሥራው በጥር እንደሚያልቅ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፤ በዚያ ሁሉ ክብር ፊት ያንን ጥያቄ በአማርኛ ማውጣት አቃተኝ።

«ደከመዎት ወይ ነው የሚሉት፤» አልኳቸው።

«አልደከመኝም በይው፤» አሉ።

እኔም ወደ ጃፓናዊቷ ዞሬ «ማንም፤» አልኩ። ቃሉ ለካህኑ ሲደርስ፣ መርዶ እንደ ሰማ ሰው አንገቱን ደፋ። አባቴ ይሄንን ሁሉ ቁጭ ብለው ያያሉ።

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ አባቴ ጫማቸውን አሁንም ጭናቸው ላይ አስቀምጠውታል። መስኮቱን እያዩ «ያ ሰው ስለ ድካም አልጠየቀም፤» አሉ። «ስለ ድካም የጠየቀ ሰው እንደዚያ አያዝንም። ይሁን፣ ሆድ ይፍጀው።» ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር አላነሱም።

ላሊበላ ስንገባ አገሩ ደርቋል፣ ሰማዩ ጠርቷል። እኔ ወደ ሆቴሌ፣ አባቴ ወደ ጉድጓዳቸው ተመለስን። በጠዋት ወጥቼ ማታ ስገባ ድምፁን እሰማለሁ፤ ጧ፣ ጸጥታ፣ ጧ። የሰርግ ቀሚሴ ነው። አሁን መስማት መተው አቅቶኛል። ሆቴልም ሆኜ ይሰማኛል፣ እንግዳ ስመዘግብም ይሰማኛል። አባቴ ሸማውን እንዳይጨርሱ እየፈራሁ፣ እንዳይቆዩም እየፈራሁ ኅዳር አለቀ። እጮኛዬ በየቀኑ እየመጣ ስለ ድንኳን ያወራኛል።

ሽማግሎቹ ቀን ሊቆርጡ በሚመጡበት ዕለት አስፈቅጄ በጊዜ ወጣሁ። ዳገቱ ጋ ስደርስ ጆሮዬን ጣልኩ። ምንም የለም። በረንዳው ላይ የሸማው ዕቃ በገመድ ታስሮ ግድግዳ ተደግፏል። ቀሚሴ ታጥፎ መደብ ላይ ተቀምጧል፤ ጥለቱ እንዲህ ያለ ሠርተው አያውቁም። ጉድጓዷ ግን የለችም። ተደፍናለች፣ ተረግጣለች፣ ውሃ ተረጭቶባታል። አባቴ የወትሮ ቦታቸው ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸውን ወደ ፊት ይዘረጋሉ፤ አልተመቻቸውም፣ ያጥፉታል፤ አልተመቻቸውም፣ እንደገና ይዘረጋሉ።

«ምነው አባባ?»

«ኧረ ምንም፤ እግሬን የት ላድርገው ብዬ ነው፤» አሉና ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም፣ አላለቀስኩም። ተናደድኩ! በሽማግሎቹ፣ በአገሩ፣ በእሳቸው እሺታ፣ ከሁሉ በላይ በራሴ። ተረከዝ ያለውን ጫማዬን ወርውሬ ዶማውን አነሳሁ።

«ምን ልታደርጊ ነው? ቃል ሰጥቻለሁ እኮ!»

«ቃሉን የጠየቅኩዎት እኔ ነኝ፤ እኔው መልሼልዎታለሁ።»

ቆፈርኩ። አፈሩ ገና አልጠነከረም ነበር። እጄ ሲላጥ አባቴ «ተይ፣ ተይ» ማለቱን ትተው አፈሩን በእጃቸው ይዝቁልኝ ጀመር። ምን ያህል እንደማጠልቃት ግራ ሲገባኝ ከሳጥኑ የእናቴን ቀሪ ክር አመጣሁ። ተንበርክኬ ከጉልበታቸው እስከ ተረከዛቸው ለካሁ፣ እንደዚያ አናጢ።

ሽማግሎቹ የደረሱት ያን ጊዜ ነው። ጋቢያቸውን ሰብስበው በረንዳው ጫፍ ላይ ቆሙ። ታላቅየው ጉድጓዷን አይተው «ምነው ልጄ፣ አባትሽ ተደፍናለች ብለውን አልነበር እንዴ?» አሉኝ።

«ተደፍና ነበር። አባቴ እግራቸውን የሚያደርጉበት አጡ።»

«እንግዲህ ልጃችንን አልፈለግሽውም ማለት ነው?»

«እወደዋለሁ አባ። ጉድጓዷን አልፎ መግባት ከቻለ ይምጣ።» እውነቴን ነበር። አልመጣም። ጥር አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ፣ አልመጣም። ቀሚሱን በትንሣኤ ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አየኝና መንገድ ቀየረ። የተቃጠልኩትን ያህል ተቃጥያለሁ።

የዚያን ዕለት ግን ሽማግሎቹ ገና እንደቆሙ፣ አባቴ እግራቸውን ወደ ጉድጓዷ ሰደዱ። «ልክ ነው፤» አሉ። እኔ አፈር እንደለበስኩ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባባ፣» አልኩ፣ ሽማግሎቹ እየሰሙ፣ «ያ ካህን ደከመዎት ወይ አላለም። ከእርስዎ በኋላ ይሄን ሥራ ማን ይይዘዋል ነው ያለው።»

«አንቺ ምን ብለሽ መለስሽለት?»

«ማንም አልኩት።»

አባቴ ጉድጓዷን አዩ፣ ሽማግሎቹን አዩ፣ የተላጠውን እጄን አዩ። ጉድጓዷ የአንድ ሰው ናት፤ ለሁለት ሰው እግር አትበቃም። እግራቸውን ወደ አንድ ጎን ሰብስበው ጠጋ አሉልኝ።